ቲቸር፣ በረዶው ከቀለጠ የኛ ሐይቅ ለምን ይቀንሳል?

በዚህ ገጽ ላይ ጥሎ ስለሄደ ፍቅረኛ፣ አላስቀምጥ ስላለች አማት፣ የተበደረውን ስለማይመልስ ጓደኛ ስናወራ ከርመናል። ዛሬ ግን የሰው ጉድ ትቼ የራሴን ላውራ። ያፈርኩበትን ጉዳይ ነው የማጫውታችሁ። ያሳፈሩኝ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች እንዳይመስሏችሁ፤ የአሥራ ሦስትና የአሥራ አራት ዓመት ልጆች ናቸው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. የካቲት ውስጥ ነው። አንዲት የልጅነት ጓደኛዬ ዝዋይ (አሁን ባቱ በሚባለው ከተማ) ጂኦግራፊ ታስተምራለች። ነፍሰ ጡር ነበረችና ልትወልድ ስትቃረብ ደወለችልኝ። “ክፍሉን ሌላ መምህር ይሸፍንልኛል፣ የአካባቢ ጥበቃ ክበቡ ግን ሊበተን ነው። ወር ከምናምን መጥተሽ ያዢልኝ። የአየር ንብረት ለውጥን ነው የምታስተምሪያቸው” አለችኝ። እኔ? አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ ደጅ ያልረገጥኩ፣ በየጋዜጣው እየጻፍኩ የምኖር ሰው! “ክበብ እኮ ነው፣ ዲግሪ አይጠይቅም። ደግሞ አንቺ ወሬ ታውቂያለሽ” ብላ አሳቀችኝ። ለሷ ስል፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የአሳ ጥብሱንም አስቤ፣ ሻንጣዬን ሸክፌ ሄድኩ።

ዝዋይን የማታውቁ ካላችሁ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ሦስት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ሐይቁን የአገሬው ሰው ደምበል ይለዋል። ጨው የሌለበት፣ የሚጠጣ ውሃ ነው። ከተማው ከሱ ይጠጣል፣ ሽንኩርትና ቲማቲሙ ከሱ ይጠጣል፣ ወደ ውጭ የሚላከው ጽጌረዳ ከሱ ይጠጣል። ዳር ላይ ልጆች ቆሮሶ ሲገፉ፣ እነዚያ መላጣ ትልልቅ ወፎች እንደ ዕድር ዳኛ ተሰይመው አንጀቱን ይጠብቃሉ። እኔም በመጀመሪያው ቀን አሳዬን በልቼ፣ ሐይቁን አይቼ “እዚህ አገር ደግሞ ምን የአየር ንብረት ለውጥ አለ?” ብዬ ነበር። አያችሁልኝ የመምህሯን ጉድ!

ማስተማሪያ ይዤ ነው የሄድኩት። ከአዲስ አበባ በቀለም ያሳተምኩት ትልቅ ሥዕል፦ አንድ ነጭ ድብ በተሰበረ በረዶ ላይ ብቻውን ቆሞ። ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩና እንባ በሚያመጣ ድምጽ ጀመርኩ። ዓለም እየሞቀች ነው፣ በረዶው እየቀለጠ ነው፣ ድቡ መድረሻ አጣ... ኦሮምኛዬ “አካም” እና “ገለቶማ” ላይ ስለሚያበቃ በአማርኛ ነው የማወራው፤ ያልገባቸውን እርስ በርስ ይተረጓጎማሉ። ሠላሳ የሚሆኑ ልጆች ናቸው። ድቡን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ከኋላ አንዱ እጁን አወጣ።

“ቲቸር፣ በረዶው ከቀለጠ ውሃ ይሆናል አይደል?”

“ጎበዝ!”

“ታዲያ ውሃ ከጨመረ የኛ ሐይቅ ለምን ይቀንሳል?”

እናንተዬ፣ ምን ልበል? መልሱን ዛሬ አውቀዋለሁ። የዋልታው በረዶ ቀልጦ የሚገባው ባሕር ውስጥ ነው። ዝዋይ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ውሃው የሚመጣለት ከጉራጌ ተራሮች በመቂ ወንዝ፣ ከአርሲ ተራሮች በካታር ወንዝ ነው። የነጭ ድቡ በረዶ ለዝዋይ አንዲት ጣሳ አያቀብለውም። ያን ዕለት ግን ይሄን አላልኩም። ላለመሸነፍ ብዬ ዘጠነኛ ክፍል የሰማኋትን አንዲት ነገር መዘዝኩ። “ምን መሰላችሁ፣ ሰማይ ላይ ኦዞን የሚባል ሽፋን አለ። እሱ ተቀደደ። በቀዳዳው ሙቀት ገባ። ሐይቁን ያ ሙቀት አደረቀው።” ልጆቹ ጻፉ። ደብተራቸው ላይ፣ በቀይ አስምረውበት! እኔም ኮራ ብዬ ወጣሁ።

ማታ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ የዋልኩትን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ እንዳትወልድ ፈራሁ። ለካ ኦዞንና የምድር መሞቅ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ኦዞን ቆዳና ዓይን የሚጎዳውን የፀሐይ ጨረር የሚከለክል ነው፤ የሚያሳሳው ድሮ በማቀዝቀዣና በሚረጭ ጣሳ ውስጥ ይገባ የነበረ ኬሚካል ነበር። አገሮች እ.ኤ.አ. በ1987 ሞንትሪያል ላይ ተስማምተው ኬሚካሉን እያስቀሩት ስለመጡ አሁን እያገገመ ነው። የምድር መሞቅ ግን በዋናነት ከነዳጅ፣ ከከሰልና ከጋዝ ቃጠሎ የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀቱ እንዳይወጣ ስለሚይዘው ነው። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ቅንጣት ውስጥ 280 ያህል የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። “ይሄን እኮ ግማሹ ሰው ነው የሚያምታታው” አለችኝ ልታጽናናኝ። ግማሹ ሰው ሠላሳ ልጅ ፊት አልቆመም!

ያን ሌሊት እንቅልፍ ነሳኝ። ዝም ብዬ ባልፈው ማን ያውቅብኛል? ከወር በኋላ አዲስ አበባ ነኝ። ግን ያች በቀይ የተሰመረች ነገር ከፊቴ አልጠፋ አለች። በሚቀጥለው ቀን ገብቼ “ትናንት የነገርኳችሁ ስህተት ነው፣ አጥፉት” አልኳቸው። የፈራሁት ሳቅ አልመጣም። የመጣው የደብተር መገልበጥ ድምጽ ነው፤ ሲሰርዙ። ከዚያ አንዷ “ቲቸር፣ ታዲያ ሙቀቱ እንዴት ነው የሚያዘው?” ብላ ጠየቀች። ልመልስ ስል አጠገቧ ያለችው ልጅ ቀደመችኝ። “እናቴ አበባ ቤት ነው የምትሠራው። ፕላስቲኩ ውስጥ ፀሐይ ይገባል፣ ሙቀቱ ግን አይወጣም። ላብ በላብ ሆና ነው የምትመጣው። እንደሱ ነው?”

እንደሱ ነው! ቁርጥ እንደሱ ባይሆንም እንደሱ ነው። ፈረንጆቹም ስሙን ያወጡለት ከዚያው ከአበባ ቤት ነው። ከክፍሉ እኩሌታው እናቱ ወይ እህቱ እዚያ ትሠራለች፤ ሙቀቱን በልብሷ ይዛላቸው ነው የምትገባው። እኔ ደግሞ ነጭ ድብ ተሸክሜ መጥቻለሁ። ድቡን የዚያን ዕለት አነሳሁት።

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ጣመኝ። አንድ ቀን አንድ ሊትር ውሃ በሰፊ ትሪ፣ አንድ ሊትር ደግሞ ክዳኑ በተከፈተ ሃይላንድ አድርገን ፀሐይ ላይ አስቀመጥን። በነጋታው ትሪው ደርቆ አቧራ ይዞ ጠበቀን፤ ሃይላንዱ ግን መጉደሉም አያስታውቅም። “ዝዋይ የቱ ነው፣ ሻላ የቱ ነው?” ብዬ ጠየቅኳቸው። ዝዋይ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት እንኳ 9 ሜትር አካባቢ ነው። ብዙው ቦታ ከዚያም በታች ነው። ሻላ በስፋት ያንሰዋል፣ ወደ ታች ግን ከ250 ሜትር በላይ ይወርዳል። “ዝዋይ ትሪው!” ብለው ጮኹ። ከዝዋይ ላይ በየዓመቱ በትነት የሚሄደው ውሃ በላዩ ላይ ከሚዘንበው ከእጥፍ በላይ ነው፤ በቀን ሲታሰብ ግማሽ ሳንቲ ሜትር ግድም። ይቺን ግማሽ ሳንቲ ሜትር በስፋቱ አባዝተው ሁለት ሚሊዮን ሜትር ኩብ ሲያልፍባቸው አንዱ “በቀን?!” ብሎ ካልኩሌተሩን ደጋግሞ መታው። አልተሳሳተም። ወንዞቹ እየሞሉለት ነው እንጂ ሐይቁ ትሪ ነው። ሙቀት ትንሽ ስትጨምር የሚሰማው እንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ ልቤ ሞቀ፤ ስሜት ውስጥ ገባሁ። ሁለተኛውና ትልቁ ጥፋቴ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው።

አንድ ሐሙስ ስለ ሐረማያ ሐይቅ አስተማርኳቸው። ሐረማያ የሐረር ከተማ ይጠጣው የነበረ ሐይቅ ነው። ለጫትና ለአትክልት በሞተር እየተሳበ፣ ከተማው እየጠጣው፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች ደለል እየገባበት፣ ሙቀቱም ታክሎበት በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ደረቀ። ከብት ዋኝቶት ይሻገር የነበረው መሬት ላይ ከብት ሣር ጋጠበት። ይሄን ነገርኳቸውና እዚያው ላይ አቆምኩ። ከዚያ በመስኮት ወደ ሐይቁ እየጠቆምኩ “የኛንም ሐይቅ የሚጠጡት እነዚያ ዳር ዳሩን የምትሰሟቸው ሞተሮች ናቸው!” አልኩ። ጭብጨባ አልቀረም። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን አላጨበጨበችም። ልንወጣ ስንል ቀርባ “ቲቸር፣ እኛስ የት እንሄዳለን?” አለችኝ። “አይዟችሁ” ብዬ ጭንቅላቷን ዳብሼ ሸኘኋት። ይሄ መልስ ነው እንግዲህ!

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ያ በመጀመሪያው ቀን ስለ በረዶው የጠየቀኝ ልጅ ቀረ። በሁለተኛውም ቀረ። ሦስተኛው ላይ የክፍሉ በር ተንኳኳና ቦት ጫማ ያደረጉ፣ ጭቃው ያልደረቀላቸው አንድ ሰው ቆመዋል። በዕድሜ አባቴን ሊያክሉ ምንም አልቀራቸው።

“አንቺ ነሽ የክበቡ መምህርት?”

“አዎ ጋሼ፣ ይግቡ።”

“አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ልጄን ምን ብትይብኝ ነው ጠላት ያደረግሽኝ?”

አፌ ተሳሰረ። ለካ ልጁ ቤት ሄዶ “ሐይቁን የገደለ ሽንኩርት ያለበት ወጥ አልበላም” ብሏል። እናቱ ለምና ለምና አቅቷታል። “የደብተሩን የከፈለው ይሄው ሽንኩርት ነው” አሉኝ ሰውየው። “የዩኒፎርሙን የከፈለው እሱ ነው። እህቱ ሆስፒታል ስትተኛ ያወጣት እሱ ነው። ሞተሬን ሌባ አልሽው፤ እሺ፣ እኔ ሌባ ልሁን። ልጄ ግን የሌባ ልጅ ነኝ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ይሂድ?”

አልጮኹም። ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ብልም ይቅርታ ምን ያደርጋል፣ ልጁ የለም። በመጨረሻ “ነገ ጠዋት ማሳው ጋ ነይና እይ፣ ከዚያ አስተምሪ” ብለውኝ ሄዱ።

ሄድኩ። ማሳው ግማሽ ሄክታር ብትሆን ነው። ሞተሩ ይንደቀደቃል፣ ናፍጣው ይሸታል፣ ቱቦው በደንገሉ መሃል ወደ ውሃው ተዘርግቷል። “ተመልከች” አሉኝ፣ “በልግ በጊዜው ቢመጣ ኖሮ እኔ ናፍጣ ምን አቃጠለኝ? ሊትሩን በስንት እንደምገዛው ታውቂያለሽ? ዝናቡ ሲዘገይ እኔም አስነሳለሁ፣ ጎረቤቴም ያስነሳል፣ ሁላችንም በአንድ ቀን። ደግሞ ሙቀቱ ሲበረታ መሬቱ ቶሎ ይጠማል፤ በአራት ቀን አጠጣ የነበረውን በሦስት ቀን ይለኛል።”

አንባብያን፣ እኔ መጽሐፍ አገላብጬ ያላገኘሁትን ሰውየው በሁለት ዐረፍተ ነገር ጨረሱት። እኔ ልጆቹን “ጥፋተኛው ሰማዩ ነው” ወይም “ጥፋተኛው ሞተሩ ነው” እያልኩ ሁለት ተከሳሽ ለየብቻ ነበር የማቀርበው። ለካ ጉዳዩ ተያይዟል። ሰማዩ ሲከፋ ሞተሩ ይበዛል፤ ሐይቁ በትነት የሚያጣው በሚጨምርበት በዚያው ሰሞን ነው ሰው ሁሉ ፊቱን ወደሱ የሚያዞረው። የ2007 ዓ.ም. ክረምት ትዝ ይላችኋል? ኤልኒኞ የሚባለው መጥቶ ዝናቡ ቀረና ከአሥር ሚሊዮን በላይ ሰው ዕርዳታ ፈለገ። (ኤልኒኞ ራሱ ድሮም የነበረ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚመላለስ ነገር ነው፤ እሱንና የምድርን መሞቅ አንድ አድርጌ እንዳላስተምር አሁን ተጠንቅቄአለሁ፣ ኦዞን አስተምሮኛል።) ሰውየው ያን ዓመት ሲያነሱ “ዝናብ የለ፣ ያለን ሐይቁ ብቻ ነበር” አሉኝ። ሐይቁስ ከራሱ ሌላ ማን ነበረው? ደግሞ ወደ ታች ቡልቡላ ወንዝ ከዝዋይ የሚተርፈውን ይዞ የሚሄደው ወደ አብያታ ነው። አብያታ መውጫ የሌለው፣ የመጨረሻው ተቀባይ ነው፤ ላይኛው ሲጠጣ እሱ ይጠማል። ዳርቻው ብዙ ሸሽቶ፣ ድሮ ውሃ የነበረበት ሜዳ ሆኗል። ያን በዓይኔ አይቻለሁና ሞተሩ ንጹህ ነው ብዬ አልምልም። ሰውየውም አላሉኝም።

ተመልሼ ገባሁና መጀመሪያ ያደረግኩት የሐረማያን ታሪክ መጨረስ ነው። ያልነገርኳቸው ግማሽ ነበረው። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ዝናቡም ደግ ሆኖ፣ በዙሪያውም አፈርና ውሃ የማቆር ሥራ ተሠርቶ፣ ውሃው ሐረማያ ላይ ተመልሶ ተኝቷል። ይሄን ግማሽ ለምን እንደዘለልኩት ራሴን ጠየቅኩ። የሚያስደነግጠው ይበልጥ ስለሚያስጨበጭብ ነው፤ ጋዜጣ ላይ የለመድኩት በሽታ ነው። ያች “የት እንሄዳለን?” ያለችው ልጅ ሳምንት ሙሉ እኔ ባጎደልኩት ግማሽ ስትጨነቅ ከርማለች።

ቀጥዬ 25 ባቄላ አመጣሁ። “ዓለም ላይ የሚወጣው ጭስ ይሄ ነው እንበል። የአፍሪካን አንሱ” አልኳቸው። አምስት ያነሳ አለ፣ አሥር ያነሳ አለ። የአፍሪካ ድርሻ ከመቶ አራት አይሞላም፤ ከ25ቱ አንዷ ባቄላ እንኳ ሙሉ አትደርስም። “በሏ፣ አሁን ከዚያች ከአንዷ ባቄላ ውስጥ የኢትዮጵያን ፈልጉ፣ ከሷ ውስጥ ደግሞ የዝዋይን ሞተር ፈልጉ።” ሳቁ። አንዱ ባቄላዋን በጥርሱ ሊከፍላት ሞከረ። ከዚያ ግን ትሪውን አስታወስኳቸው። ምድርን ያሞቃት የሽንኩርቱ ሞተር አይደለም፤ ከትሪው ላይ የሚቀዳው ግን እሱም ነው። ሁለቱንም ባንድ ራስ መያዝ ለኔም ከብዶኝ ነበር፣ ለነሱ ግን ብዙም አልከበዳቸው።

እናንተ ይሄን የምታነቡ ወጣቶች፣ ብዙዎቻችሁ ታናሽ ወንድም ወይ እህት ታስጠናላችሁ፤ ወይ ክረምት ክረምት በጎ ፈቃደኛ ሆናችሁ ትወጣላችሁ። ምክር ከፈለጋችሁ፣ የምታስተምሩት ልጅ እራት የሚበላው ከምን እንደሆነ ሳታውቁ ጣት አትቀስሩ። ካጠፋችሁ ደግሞ በነጋታው ሄዳችሁ “ሰርዙት” በሉ፤ አትሞቱም። ስለ ሙቀቱ ግን አትዋሹላቸው፣ አታለሳልሱም። እኔ እዚያ የነበርኩበት የፈረንጆቹ 2024 ሲያልቅ፣ በመሣሪያ መለካት ከተጀመረ ወዲህ ምድር እንደዚያ ዓመት ሞቃ እንደማታውቅ ተነግሯል። ልጆቹ ከኛ የበለጠ ረጅም ጊዜ ይኖሩበታል።

ልልመለስ ሳምንት ሲቀረኝ ሰውየውን ክበቡ ላይ እንዲናገሩ ለመንኳቸው። “እኔ? እኔ አራተኛ ክፍል ነኝ” አሉ። “እኔም አሥራ ሁለተኛ ነኝ ጋሼ፣ ማን ጠየቀን?” አልኳቸው። መጡ። ቦት ጫማው ታጥቧል፣ ኮት ለብሰዋል። ልጁም ከሁለት ሳምንት በኋላ መጥቶ ከኋላ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ተቀምጧል። አባቱን አያይም፣ እኔንም አያይም፣ ደብተሩን ነው የሚያየው።

ሰውየው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ናፍጣው፣ ስለ ሽንኩርቱ ተናገሩ፤ ጥቂቱን በአማርኛ፣ ሲጨንቃቸው በኦሮምኛ። ሲጨርሱ ወደ ልጆቹ ዞረው “እናንተ ተምራችኋል። ታዲያ ሽንኩርቴን ልተወው?” ብለው ጠየቁ። የምራቸውን ነው። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም ጸጥ አልኩ፣ ምን እላለሁ?

“በስንት ሰዓት ነው የሚያጠጡት?” አለች ያች እናቷ አበባ ቤት የምትሠራው።

“ሞተሩን ከአምስት ሰዓት ጀምሮ ነው የማስነሳው፤ እስከ ዘጠኝ።”

ይሄኔ ከኋላ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ። ልጁ ተነስቷል። “አባዬ” አለ፣ “ትሪው የደረቀው እኮ በዚያ ሰዓት ነው።”

“የምን ትሪ?” አሉ አባቱ።

ልጁ ወደ ፊት መጣና ጠመኔውን ከእጄ ወሰደ።